የሳተርን ቀለበት የት ገባ?

ሰማይ የምታዩ ሰዎች፣ እስቲ ተባበሩኝ። 70 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ቴሌስኮፕ አለኝ። የማየው ከአዲስ አበባ፣ ከኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ነው፤ የመንገዱ መብራት ምን ያህል እንደሚያናድድ ታውቁታላችሁ። ጁፒተርና አራቱ ትልልቅ ጨረቃዎቹ ጥርት ብለው ይታዩኛል። ሳተርን ላይ ስደርስ ግን ያ የታወቀው ቀለበት የለም፤ ግራና ቀኝ የወጣ ቀጭን መስመር ብቻ። በማርች 2025 ቀለበቱ በጠርዙ በኩል ወደ ምድር እንደዞረ አንብቤያለሁ። ታዲያ ምክንያቱ ይሄ ነው ወይስ ሌንሴ? 70 እጥፍ ማጉላትስ ይበቃል? በዚያው ወር 128 አዳዲስ ጨረቃዎች ተመዝግበውለት ድምሩ 274 ገብቷል። እነሱስ ይቅሩብኝ! እኔ ትልቋን ታይታንን እንኳ ከኮከብ መለየት አቅቶኛል። በመስመሩ አቅጣጫ ልፈልጋት? ከሳተርንስ ምን ያህል ትርቃለች?