ነሐሴ ላይ ሀዋሳ ከእናቴና ከልጄ ጋር፦ ማረፍ ብቻ ነው የምፈልገው

የአዳማዋ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዳማ ነው፤ አስተማሪ ነኝ። ዓመቱን ሙሉ ስጮህ ከርሜ ክረምቱ ገባልኝ። እናቴንና የስድስት ዓመት ልጄን ይዤ አራት አምስት ቀን ውሃ ዳር መቀመጥ አምሮኛል። መቀመጥ ብቻ። ሶደሬ ቅርባችን ነው፣ ግን ሰልችቶናል፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ግርግሩ አይቻልም።

እናቴ ባሕር ታውቃለች። አባቴ በደርግ ጊዜ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። አንዴ ይዟት ሄዶ፣ ወሬው እስካሁን አላለቀም። አሰብ ልወስዳት አልችልም፣ ጅቡቲም በኔ ደሞዝ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ሀዋሳ አልኩ።

አሁን ጣጣው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ አትወጣም። ደግሞ «ሀዋሳ ከሄድንማ ገብርኤልን ሳልሳለም አልመለስም» ብላለች። ሐምሌ 19 የሚወጣውን ሕዝብ በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ፤ እዚያ ውስጥ እሷን ይዤ አልገባም። ልጁ ውሃ ካየ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ነው ዘሎ የሚገባው። መኪና የለንም። መቼ ብንሄድ ይሻላል? የት ብናርፍ? ሐይቁ ዳር ያሉት ትልልቅ ሪዞርቶች አቅሜ አይደሉም፣ እነሱን እንዳትመክሩኝ በናታችሁ።

ታቦር ግርጌ

እህቴ፣ እኔ እዚሁ ሀዋሳ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ትንሽ ላርዝመው።

ሐምሌ 19ን እርሺው። በዚያ ሰሞን አልጋ አይገኝም፣ የተገኘውም አይቀመስም። ታኅሣሥ 19ም ያው ነው። ግን ገብርኤል በየወሩ 19 አለ አይደል? ነሐሴ 17 ግቡ። ፍልሰታ 16 ይፈታል፣ እናትሽ ከጾም ወጥተዋል፣ 19 በጠዋት ተሳልመው በባጃጅ ይመለሳሉ። ሰው አይጠፋም፣ ግን የሚጋፋ የለም። ዝናብ ይኖራል፤ ጃንጥላና ሹራብ ያዙ።

ማረፊያን በተመለከተ፣ ከሐይቁ ሁለት ሦስት መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ፔንሲዮን ፈልጉ። ዋጋው ይቀንሳል፣ ወደ ውሃው ደግሞ በባጃጅ ቅርብ ነው። ስትደውዪ ሦስት ነገር ጠይቂ። ምድር ቤት ክፍል አለ? አጎበር አለ? በዚያ ሳምንት ስልጠና ወይም ሰርግ ይዛችኋል? የመጨረሻውን እንዳትዘነጊ። ከተማችን የስብሰባ ከተማ ናት፤ ሀምሳ ሰልጣኝ ያደረበት ቤት ውስጥ የቁርስ ሰልፉ ብቻውን ያደክማል። ፒያሳ አካባቢ አትያዙ፣ ሌሊቱን ሙዚቃ ነው።

ቀኑን ሐይቁ ራሱ ይከፍለዋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሁኑ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ይዘው ከውሃው የሚመለሱት ያኔ ነው። ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በግራ እጃቸው ጨብጠው፣ በቢላዋ አንዴ ከጭንቅላቱ ሥር አንዴ ከጅራቱ ያደርጉትና ሥጋው ከአጥንቱ ተላቆ ይወጣል። ዓይንሽ አይከተለውም። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ራሰ በራውን ይዞ እንደ ዕቁብ ሰብሳቢ ጎናቸው ቆሞ አንጀቱ እስኪወረወርለት ይጠብቃል። ቁመቱ ከልጅሽ ይበልጣል፣ ልጁን እጁን ያዢው። ጥሬውን በዳጣ የሚበላ ሞልቷል፤ እኔም እበላለሁ፣ ለእናትና ለልጅ ግን አልመክርም። ለእሳቸው ትኩስ የዓሣ ሾርባ፣ ለናንተ ሙሉውን የተጠበሰ። ሙዝ በእጃችሁ አትያዙ፣ ጦጣዎቹ ይነጥቃሉ። ዛፉ ላይ ጉሬዛም አለ፣ እሱ ጨዋ ነው።

ጀልባ ካማራችሁ በዚያው ጠዋት ይሁን። ከሰዓት ነፋሱ ይነሳል፣ ውሃው ይናወጣል። ዋጋውን ሳትሳፈሪ ጨርሺ። ለልጁ የሚሆን የሕይወት ጃኬት ከሌላቸው ተመለሺ። ጉማሬ እናሳያችሁ ይሏችኋል፤ ከሩቅ ማየቱ ይበቃል።

አሁን ዋናው። ልጁ ሐይቁ ውስጥ እንዳይገባ። ብልሃርዚያ አለ። ተሸካሚዋ ቀንድ አውጣ የምትኖረው ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳር ነው፣ ልጆች የሚንቦራጨቁበት ማለት ነው። ትሉ በቆዳ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ «እግሩን ብቻ ይንከር» የሚባል ነገር የለም። መዋኛ ገንዳቸውን ለውጭ ሰው በክፍያ የሚከፍቱ ሆቴሎች አሉ፣ አንድ ከሰዓት እዚያ ይጨርሰው።

ምሳ በልታችሁ ተኙ። የምሬን ነው። ከዚያ 11 ሰዓት ላይ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳር ውጡ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ለእናትሽ ጉልበት አይከብድም። ዳር ላይ ቡና የሚያፈሉ አሉ፤ በርጩማ ላይ ተቀመጡና ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ስትገባ እዩ። ከዚህ ሌላ ምንም አትጨምሪ።

ባለ ሚኒባስ

እኔ መንገዱን ልንገርሽ። ከአዳማ መናኸሪያ በጠዋት ውጡ። የሀዋሳ መኪና ካጣችሁ በሻሸመኔው ሂዱ፣ ከዚያ ሀዋሳ ቅርብ ናት፣ መኪናም አይጠፋም። ሞጆን ካለፈ በኋላ ሹፌሩ እስከ ባቱ በፍጥነት መንገዱ ከሄደ እፎይ ነው፤ በአሮጌው በቆቃ በመቂ ከሄደ ግን እየቆመ ነው የሚሄደው። ከባቱ በኋላ ከብት፣ ጋሪ፣ ፍየል፣ ሁሉም መንገድ ላይ ነው። አርሲ ነገሌ ሲደርስ ሹፌሩ ከፈጠነ ዝም አትበሉ፣ ተናገሩ። እናትሽ ከፊት ወንበር ይቀመጡ፣ ከኋላው ወንበር ጉልበት መዘርጋት አይቻልም። ባቱ ላይ ቆም ካለ ወርደው ትንሽ ይራመዱ።

የሐይቅ ሰው

ሁላችሁም ሀዋሳ ሀዋሳ ትላላችሁ። ላንጋኖስ? ልጁ ዘሎ የሚገባ ከሆነ ላንጋኖ ይዋኝ እንጂ! ውሃው ቡናማ ቢሆንም ብልሃርዚያ የለበትም እየተባለ ነው ሁላችንም የምንዋኘው። ፀጥታውም ሌላ ነው።

ታቦር ግርጌ

ወንድሜ፣ ላንጋኖ መኪና ላለው ነው። እህቴ፣ አንቺ ግን ከአስፋልቱ ወርደሽ እስከ ማረፊያው ያለውን መንገድ ከታመመ ጉልበትና ከሻንጣ ጋር አስቢው። እዚያ ከገባሽ ደግሞ ምግቡ የሎጁ ብቻ ነው፤ በፈለገው ዋጋ ይሸጥልሻል። እዚህ አንዱ ካልጣመሽ ባጃጅ ጠርተሽ ሌላው ጋ ትሄጃለሽ።

የአዳማዋ መምህርት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለእናቴ አነበብኩላት። 19ኙ ተመችቷታል፤ «ሕዝብ ከሌለበትማ መልአኩ እኔን ብቻ ይሰማኛል» አለች። ሾርባው ላይ ግን በርበሬ ይቀንሱልኝ ብላለች፣ ገና ሳንነሳ! ልጄ ስለ አባ ኮዳ ሲጠይቅ አመሸ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ጎረቤቴ «ለጉልበቷ ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ውሰጃት» አለችኝ። ከሀዋሳ ደርሶ መልስ ይቻላል?

ታቦር ግርጌ

ይቻላል፣ ሩቅ አይደለም። ግን መኪና መለዋወጥ አለ፣ ያ ቀን ደግሞ ከእረፍት አይቆጠርም። ለፍል ውሃ ብቻ ከሆነ ሶደሬ ደጃፋችሁ ነው፤ መስከረም ላይ በማይጨናነቅበት በሥራ ቀን ውሰጃቸው። ወንዶ ገነትን ለጫካው ከሆነ ልጁ ከፍ ሲል ትሄዳላችሁ።

አልጋውን ግን ፍልሰታ ሳይገባ ደውለሽ ያዢ። ምድር ቤት ያሉት ክፍሎች ጥቂት ናቸው፣ ቀድመው የሚያልቁትም እነሱ ናቸው። ቀብድ ከጠየቁሽ ደረሰኙን በስልክ ይላኩልሽ።