የጋራ ፕሮፖዛል ውይይት፦ ቢስፌኖል ኤ (BPA) የተባለውን የፕላስቲክ መሥሪያ ኬሚካል በታሰረ ላኬዝ ከውሃ ማስወገድ

አስተባባሪ፦ ረቂቁ ኢንዛይሙን፣ ማለትም ቢስፌኖሉን በኦክስጅን የሚለውጠውን ላኬዝ፣ ከባሕር አረም በሚገኝ አልጂኔት እንክብል ውስጥ እናስራለን ይላል። ተቃውሞ ያለው ይናገር።

የኢንዛይም ዝግጅት ቡድን፦ አልጂኔቱ ቢቀር እንመርጣለን። አዘገጃጀቱ ቀላል ቢሆንም ቀዳዳዎቹ ሰፊ ስለሆኑ ላኬዙ ቀስ በቀስ ይሾልካል። በፍሳሽ ውስጥ ያለው ፎስፌት ደግሞ ካልሲየሙን ስለሚነጥቀው እንክብሉ አብጦ ይፈርሳል። በምትኩ ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚሠራው ኪቶሳን ይሁን። 2 ግራሙን በ100 ሚሊ ሊትር ባለ 2 በመቶ አሴቲክ አሲድ አሟሙቶ በመርፌ ወደ 1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ማንጠባጠብ፤ የእጥበቱ ውሃ ፒኤች ወደ 7 እስኪወርድ ማጠብ። ከዚያ ኢንዛይሙን ከኪቶሳኑ ጋር በሚያያይዘው 1 በመቶ ግሉታራልዴሃይድ ውስጥ 2 ሰዓት አቆይቶ በደንብ ማጠብ፤ የተረፈ ካለ ኢንዛይሙን ይጎዳዋል። በመጨረሻ ከላኬዙ ጋር በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማሳደር። ትሪስ በፈር (ፒኤች እንዳይለዋወጥ የሚጨመር ድብልቅ) እንዳይገባ አደራ! የራሱ አሚን የላኬዙን ቦታ ይሻማል።

የትንተና ቡድን፦ በኪቶሳኑ እንስማማለን፤ ግን እንክብሉ ራሱ ቢስፌኖሉን ሊያጣብቅ ይችላል። ከውሃው ጠፋ ማለት ተበላሸ ማለት አይደለም። ይህ ካልተለየ ፕሮፖዛሉ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሦስት ዓይነት እንክብል ጎን ለጎን ይሠራ፦ ሕያው ላኬዝ ያለው፣ ከመታሰሩ በፊት ተፈልቶ የሞተ ላኬዝ ያለው፣ ጭራሽ ኢንዛይም የሌለው። ሲያበቃ ሦስቱም በሜታኖል ይታጠቡና የወጣው ቢስፌኖል በኤችፒኤልሲ (ውሁዶችን ለያይቶ በሚለካ መሣሪያ) ይለካ። የላኬዙ ጉልበት ላኬዝ ሲነካው ቀለም በሚያወጣው በኤቢቲኤስ፣ በ420 ናኖ ሜትር ብርሃን፣ እንክብሉ በድጋሚ ከሠራበት ከየዙሩ በኋላ ይፈተሽ፤ እንክብሉ የወጣበት ውሃም አብሮ ይለካ፣ መሾለኩ የሚታወቀው እዚያ ነው። ናሙና በሶዲየም አዛይድ የሚጠብቅ ካለ ይተወው፤ አዛይድ የላኬዙን መዳብ ይዞ ሥራውን ያቆመዋል።

የዓምድ ቡድን፦ ላኬዝ ፐርኦክሳይድ ባይፈልግም ኦክስጅን ይፈልጋል። ውሃው ወደ ዓምዱ (እንክብሉ ወደሚሞላበት ቱቦ) ከመግባቱ በፊት አየር ይነፋበት፤ ፍሰቱም ከታች ወደ ላይ ይሁን። ላኬዙ ቢስፌኖሉን ሲለውጥ የሚፈጠሩት ውሁዶች እርስ በርስ ተያይዘው ስለሚዘቅጡ እንክብሉን ይደፍናሉ፤ በዓምዱ ሁለት ጫፍ የግፊት መለኪያ ይጨመር። ደግሞ በ10 ሚሊ ግራም በሊትር ብቻ መሞከር ያታልላል፤ የተፈጥሮ ውሃ ላይ ያለው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። 100 ማይክሮ ግራም በሊትርም ይታከል።

አስተባባሪ፦ ሁሉም ተቀባይነት አግኝቷል። ፒኤቹስ? ላኬዝ ከ4 እስከ 6 ይወዳል፤ የምናጣራው ውሃ ግን ወደ 7 ተኩል ነው።

የኢንዛይም ዝግጅት ቡድን፦ በ5 እና በ7 ተኩል ሁለቱንም እንሞክር። በ7 ተኩል ካልሠራ አሲድ መጨመሩ ወጪ ነው፤ ያ በበጀቱ ላይ አሁኑኑ ይጻፍ።