ለ16 ዓመት ልጅ ጨጓራ የማሳነስ ኦፕሬሽን ይሆናል?

እናት፣ ድሬዳዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 16 ዓመቷ ነው። ቁመቷ 1.65 ሜትር፣ ክብደቷ 118 ኪሎ። ስኳር ተገኝቶባት ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ማታ ስታንኮራፋ ትንፋሿ ቁርጥ ይላል፤ ደንግጬ እቀሰቅሳታለሁ። ለስላሳና ሳምቡሳ ካቆመች ቆየች። ሙቀቱ በረድ ሲል ከዚራ ሰፈር አብረን በእግር እንሄዳለን። ግን ጠብ ያለ ነገር የለም። ውጭ ያለች ዘመድ ኦፕሬሽን አለ አለችኝ። ለልጅ ይሆናል?

ነርስ፣ ሐረር፦ አይዞሽ እህቴ። ይሆናል፣ ግን ለሁሉም አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2023 ያወጣው መመሪያ ከባድ ውፍረት ያለባቸው ልጆች ከ13 ዓመት ጀምሮ ለዚህ ምርመራ እንዲላኩ ይመክራል። ኪሎዋን ለቁመቷ ካሬ ስናካፍለው 43 ይመጣል። 40 ካለፈ፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳር ያለ በሽታ ካለ ይታሰብበታል።

በብዛት የሚሠራው ስሊቭ የሚባለው ነው። ከጨጓራው ሦስት አራተኛ በላይ ተቆርጦ ይወጣል፤ የቀረው የሙዝ ቅርጽ ይይዛል። ተመልሶ አይቀጠልም። አሜሪካ ውስጥ ክትትል የተደረገላቸው ታዳጊዎች በ3 ዓመት ውስጥ በአማካይ 27 ከመቶ ገደማ ቀንሰዋል። ስኳር ከነበረባቸው አብዛኞቹ ስኳሩ ለቋቸዋል። በሌላ በኩል ከግማሽ በላዮቹ የብረት ክምችታቸው አንሶ ተገኝቷል። ስለዚህ ቫይታሚንና ብረት ዕድሜ ልክ ነው፣ የደም ምርመራውም እንደዚያው።

የትንፋሹ ነገር ግን ኦፕሬሽን አይጠብቅም። አሁኑኑ ለሐኪሟ ንገሪ። ሕይወት ፋና ሆስፒታል ስፔሻሊስት ጋ ብትጀምሩ ጥሩ ነው።

ሌላ አባት፣ ሳቢያን፦ አቦ፣ ልጅቷን ራሷን ጠይቋት! የእኛ ዘመድ ሰው ገፋፍቶት ኦፕሬሽን ገባ፣ ኋላ ክኒኑን ተወው። ደም ማነስ ጣለው። ሰነፍ ናት የሚሏትንም አትስሟቸው፤ በሽታ ነው።

እናት፣ ድሬዳዋ፦ አላህ ይስጥልኝ። እሷ ፈልጋለች። ረመዳንስ ትጾማለች?

ነርስ፣ ሐረር፦ በመጀመሪያዎቹ ወራት አይሆንም። ጨጓራው ትንሽ ስለሆነ ውኃ በአንዴ አይጠጣም፤ ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ነው። በድሬ ሙቀት ቶሎ ውኃ ያጥራታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ከሐኪሟ ጋር ትወስናላችሁ። ደግሞ ስታገባ፣ ከኦፕሬሽኑ በኋላ ቢያንስ 12 እስከ 18 ወር እርግዝና እንደማይመከር ከአሁኑ ትወቀው።