«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያ ሕጋዊ ነው? ሱፐርማርኬታችንስ ምን ነካው?

ጠያቂ፦ የገርጂ ሸማች

ጤና ይስጥልኝ። የቤቴን ወርኃዊ አስቤዛ ከአሥር ዓመት በላይ የገዛሁት አዲስ አበባ ውስጥ በርካታ ቅርንጫፎች ካሉት አንድ ሱፐርማርኬት ነው፤ ስሙን መጥቀስ አልፈልግም። ዋጋው ከሰፈር ሱቅ ከፍ እንደሚል እያወቅሁ የምሄደው፣ ቀኑ ያላለፈ ወተት እንደማገኝና የተለጠፈውን ዋጋ ብቻ ከፍዬ እንደምወጣ እርግጠኛ ስለነበርሁ ነው። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን ያ እርግጠኝነት ጠፍቷል። ቀድሞ አምስት ዓይነት ሩዝ ይደረደርበት የነበረው ቦታ ዛሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት የታሸገ ውኃ ተደርድሮበታል። መደርደሪያው ላይ 285 ብር የሚለው ዘይት ገንዘብ ተቀባይዋ ዘንድ ሲደርስ 340 ብር ይሆናል፤ ስጠይቅም «ወረቀቱ አልተቀየረም» የሚል መልስ ይሰጠኛል። የሦስት ብር መልሴን በማስቲካ መቀበል ከለመድሁ ቆይቻለሁ፤ እሱን እንኳ እንተወው።

ትዕግሥቴን የጨረሰው ባለፈው ሳምንት የገዛሁት እርጎ ነው። ቤት ገብቼ ሳየው ክዳኑ አብጧል፤ የመጠቀሚያ ጊዜውም ካለፈ አራት ቀን ሆኖታል። በማግስቱ ከነደረሰኙ ይዤው ስሄድ ኃላፊው አንድም ቃል ሳይናገር ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ወደሚል ጽሑፍ በጣቱ አመለከተኝ። ይህ ማስታወቂያ በሕግ ፊት ዋጋ አለው? ደግሞስ እንዲህ ያለ ስም የነበረው ድርጅት እንዴት እዚህ ሊደርስ ቻለ?

መልስ፦ የቀድሞ የመጋዘን ሠራተኛ

እኔ የሠራሁት በሌላ ሱፐርማርኬት ቢሆንም፣ የገለጹት የውኃ አደራደር እንግዳ አልሆነብኝም። ብዙ ሱፐርማርኬቶች የሚንቀሳቀሱት በአቅራቢዎች ገንዘብ ነው፤ አቅራቢው ዕቃውን በዱቤ ያስረክባል፣ ሱፐርማርኬቱ ሸጦ ከሳምንታት በኋላ ይከፍላል። ክፍያው አንድ ጊዜ ሲዘገይ አቅራቢው ይታገሣል፤ ሲደጋገም ግን «በእጅ በእጅ ካልሆነ አላወርድም» ይላል። ያን ጊዜ መደርደሪያውን የሚሞላው አሁንም በዱቤ የሚገኘው ዕቃ ብቻ ይሆናል። ባዶ ቦታ ደንበኛን ስለሚያስደነግጥ ውኃውን ወደ ፊት አሰልፈን ከጀርባው ያለውን ባዶነት እንድንሸፍን እንታዘዝ ነበር።

የውጭ ምንዛሪውም የራሱ ድርሻ አለው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. 38 ዓይነት ሸቀጦች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ሲደረግ ከውጭ በሚገባ ዕቃ የሚታወቁ ሱፐርማርኬቶች መለያቸውን አጡ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ክልከላው ተነሣ፤ ነገር ግን በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ትናንት በሸጠበት ገንዘብ ዛሬ ያንኑ ያህል ዕቃ መልሶ መግዛት ያልቻለ ነጋዴ መጋዘኑ በየዙሩ እየሳሳ ይሄዳል።

እርጎውን በተመለከተ ግን ለማንም ምክንያት አልፈልግም። መብራት ሲጠፋ ናፍጣ ለመቆጠብ ጄኔሬተሩን ሳያስነሡ የሚያድሩ ቤቶች መኖራቸውን በዓይኔ አይቻለሁ።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

ማስታወቂያው ጉድለት ላለበት ዕቃ አይሠራም። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የተሸጠለት ሸማች በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ ለሽያጭ ማቅረብ ደግሞ ራሱን የቻለ ክልክል ድርጊት ነው። ዋጋን በግልጽ ቦታ መለጠፍ ወይም ዕቃው ላይ ማመልከትም የነጋዴው ግዴታ ስለሆነ «ወረቀቱ አልተቀየረም» የሚለው መልስ የእሱን ጥፋት ማመን እንጂ ማስተባበያ አይደለም። በነገራችን ላይ ይኸው አዋጅ ሸማቹ በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በጣት ማመልከት ከዚህ ውስጥ የሚገባ አይመስለኝም።

ደረሰኙን፣ የእርጎውን ዕቃና ቀኑ በግልጽ የሚታይበትን ፎቶግራፍ ያስቀምጡ። በመጀመሪያ ለድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ፤ መልስ ካጡ ሱፐርማርኬቱ ወደሚገኝበት ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ቀድሞ የሸማቾችን አቤቱታ ይመለከት የነበረው የፌዴራል ባለሥልጣን ሥልጣኑ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ስለተላለፈ የቀድሞውን መሥሪያ ቤት ፍለጋ እንዳይንከራተቱ።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት

እኔም የዚያው ሱፐርማርኬት ደንበኛ ሳልሆን አልቀርም። የመጋዘን ሠራተኛ የነበሩት ወንድሜ ስለ ዶላር ያሉትን ብቀበልም፣ የሰፈራችን ባለሱቅ የሚኖረው በዚሁ አገርና በዚሁ ምንዛሪ ነው፤ ሆኖም ዕቃው ሲጨምር «እትዬ፣ ዛሬ ጨምሯል፣ ልተወው ወይስ ልስጥዎት?» ብሎ አስቀድሞ ይነግረኛል። እኔን ያራቀኝ የዋጋው መወደድ ሳይሆን፣ ጋሪዬን ሞልቼ ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ሳለ ዋጋው ሌላ መሆኑን መስማቴ ነው። በዚያ ሰዓት «መልሱልኝ» ማለት እንደሚያሳፍር እነሱም ያውቃሉ።

አሁን አትክልትና ሽንኩርት ከእሁድ ገበያ፣ ዘይትና ስኳር ሲገኝ ከሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር እገዛለሁ። ይህ ድካም አለው፤ ሦስት ቦታ መዞር የታክሲ ወጪውን ሲጨምሩበት ትርፉ ብዙም አይደለም። ልጆቼን በስማቸው የሚጠሩት የሱፐርማርኬቱ ሠራተኞችም ያሳዝኑኛል፤ አለቃ ያላስተካከለውን ዋጋ ደንበኛ የሚቆጣው በእነሱ ላይ ነውና እባካችሁ ገንዘብ ተቀባይዋን አትጩኹባት።

ጠያቂ፦ የገርጂ ሸማች

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በሕግ ባለሙያው ምክር መሠረት ደብዳቤ ጽፌ ደረሰኙንና ፎቶግራፉን አያይዤ ለዋናው መሥሪያ ቤት አስገባሁ፤ በሦስተኛው ቀን ተደውሎልኝ የእርጎው ገንዘብ ተመለሰልኝ። ኃላፊው በዚህ ጊዜ ወንበር ስቦ አስቀምጦኛል። ስወጣ ሩዝ የነበረበትን ቦታ አየሁት፤ ውኃውም ተነሥቶ መደርደሪያው በመጋረጃ ተሸፍኗል። ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ግን እንደተለጠፈ ነው። ስለ እሱ ደግሞ ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሰኞ አመለክታለሁ።