ጥቆማ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የዕዳና የኪሳራ ጉዳይ የሚይዝ ጎበዝ ጠበቃ ማን አለ?

ባለ ሱቁ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም የወሎ ልጆች፣ ጥቆማ ጀባ በሉኝ። የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነበረኝ። በ2014 በጦርነቱ ተዘረፈ። ዕቃው ሄደ፣ የባንክ ብድሩ ቀረ። አንድ ወር እየከፈልኩ ሁለት ወር እየዘለልኩ እዚህ ደረስኩ። በመያዣ የተያዘው የአባቴ ቤት ነው። ሰው ሁሉ «ፍርድ ቤት ሄደህ ኪሳራ አስወስንና ተገላገል» ይለኛል። ይህን የሚያውቅ ጠበቃ ማን ነው? ስንትስ ያስከፍላል? ባለቤቴ አስተማሪ ናት፣ ደመወዟን ይነኩባት ይሆን? መታሰርስ አለበት? እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የሸዋ በር ልጅ፦
አብሽር ወንድሜ። ደሴ ፒያሳ የኔ ጠበቃ አለ። የውርስ ጉዳዬን በሁለት ቀጠሮ ጨረሰልኝ። ዓይንህን ጨፍነህ ሂድ።

እናት ሐይቅ፦
ውርስና የባንክ ዕዳ ምን አገናኘው ልጄ? ገንዘብ ካጠረህ መጀመሪያ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ የሕግ ትምህርት ቤቱን ጠይቅ። ለአቅመ ደካማ በነፃ ያማክራሉ። የእህቴን ልጅ አቤቱታ ጽፈው ሰጥተዋታል፣ አንድ ብር አልወሰዱም።

ባለ ሚዛን፦
እኔን ያየ ይማር። ዕዳ ሲበዛብኝ አንድ «ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ» ባይ አገኘሁ። «መኪናህን በወንድምህ ስም አዙር፣ ከዚያ ኪሳራ እናመለክታለን» አለኝ። 35 ሺህ ብር ከፈልኩት። አበዳሪዎቼ ደረሱበት፣ ሽያጩ የይስሙላ ነው ብለው ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ሽያጩን አፈረሰው። መኪናው ሄደ፣ 35 ሺውም ሄደ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ወንድሜ እስከ ዛሬ አያናግረኝም።

ጦሳ ሥር፦
ማን ነው ሰውዬው? ስሙን ንገረን፣ ሌላ ሰው እንዳይበላ።

ባለ ሚዛን፦
ስም አልጠራም። ግን የጥብቅና ፈቃድ አልነበረውም። አንድ ቀን «ፈቃድህን አሳየኝ» ብለው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

የባቲዋ፦
እኔም ተበልቻለሁ! የአጎቴ ልጅ ሲበደር ዋስ ሁኚ አለኝ፣ ፈረምኩ። እሱ ጠፋ፣ እኔ ቀረሁ። «መጀመሪያ እሱን ፈልጉ» ብል ማን ሰምቶኝ። ውሉ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ነበር ለካ።

ጦሳ ሥር፦
እህት ዓለም፣ እሱ ቃል ካለ ባለ ዕዳውን ሳይነኩ ቀጥታ ወደ ዋሱ መምጣት ይችላሉ። ግን ውሉን አውጥተሽ እይው። ዋስ የሆንሽበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጻፈበት በፍትሐ ብሔር ሕጉ የዋስትና ውሉ አይጸናም። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ይከፍላል።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ ወለድ አልባ ብድር የትኛው ባንክ ይሻላል? የምግብ ዘይት ማከፋፈል ልጀምር ነው።

ጦሳ ሥር፦
ወንድሜ፣ ሰውየው የአባቱ ቤት ሊሸጥበት ነው፣ አንተ ስለ ዘይት ትጠይቃለህ። ደግ ነው፣ ቅደም ተከተል ግን ይኑር።

የሸዋ በር ልጅ፦
የፒያሳው ጠበቃ ስለ ብድርም ያማክራል።

ጡረተኛው፦
ልጄ ባለ ሱቁ፣ ፍርድ ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የማውቀውን ልንገርህ፣ ረጋ ብለህ አንብብ።

ኪሳራ በእኛ ሕግ የነጋዴና የንግድ ማኅበር ነው። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ 1243፣ ያንን ይዟል። ደመወዝተኛ ወይም ገበሬ «ከስሬአለሁ» ብሎ በዚያ ሕግ ዕዳውን አያስቆምም። አንተ ነጋዴ ስለሆንክ በሩ አለህ። ነገር ግን ሲገቡበት ቀላል በር አይደለም። ፍርድ ቤቱ ንብረትህን የሚረከብ ሰው ይሾማል፣ አንተ በንብረትህ ላይ ማዘዝ ታቆማለህ። የአበዳሪዎችህ ዝርዝር፣ ያለህ ንብረት፣ የሒሳብ መዝገብህ ሁሉ ይጠየቃል። መዝገቡ ከሱቁ ጋር ከጠፋ ቶሎ ከባንክና ከገቢዎች ቅጂ ሰብስብ። ደግሞ ከኪሳራ በፊት ንግዱን መልሶ የማደራጀት መንገድም እዚያው ሕግ ውስጥ አለ። ደንበኛ ካለህና ሱቁ መንቀሳቀስ ከቻለ ይሄኛው ይሻልሃል።

አሁን ዋናው። የአባትህን ቤት ያንተ ኪሳራ አያድነውም። ቤቱ የእሳቸው ነው፣ ለባንኩ ያስያዙትም እሳቸው ናቸው። ባንክ በአዋጅ 97/1990 መሠረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ሳይመጣ ባንኩን አነጋግር። የክፍያ ጊዜ ይራዘምልኝ ብለህ በጽሑፍ አመልክት፣ ቅጂውን አስቀር። «መክፈል አልቻልኩም» ብቻ አይበቃም። በወር ስንት እንደምትከፍል ቁጥር አስቀምጥ። ለቤቱ ጥሩ ገዢ ካገኘህ ደግሞ በባንኩ ፈቃድ ራሳችሁ ብትሸጡት ከሐራጅ የተሻለ ዋጋ ያወጣል።

የባለቤትህን ነገር፦ ብድሩ ለትዳሩ ጥቅም የዋለ ከሆነ የጋራ ዕዳ ሊባል ይችላል። እሷ ፈርማ እንደሆነም እይ። ግን ደመወዟ ቢነካ እንኳ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ ሁለት ሦስተኛው አይያዝም። የመኝታ ዕቃ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ የሙያ መሣሪያም አይያዝም።

እስራት፦ ዕዳ በራሱ ወንጀል አይደለም። ንብረት መደበቅ ግን ያሳስራል። ባለ ሚዛን የነገረህን አትርሳ።

ንግዱ ቆሞ ከሆነ ፈቃድህን መልስ፣ የግብር ዕዳ እንደሌለብህ የሚያሳየውን ወረቀት (ክሊራንስ) ጨርስ። ፈቃድህ ባለበት ከተቀመጠ ግብሩ በግምት እየተቆጠረ ይቀጥላል። በዚህ የተጎዳ ብዙ ሰው አይቻለሁ።

እናት ሐይቅ፦
አላህ ይስጥዎ ጋሼ። ልጄ፣ እኔ የምልህ ደግሞ ከባንኩ ሌላ ያሉህን አበዳሪዎች በሽማግሌ ያዛቸው። ጅምላ ሻጭም ሰው ነው፣ ደግሞ ለተቸገረ ጊዜ መስጠት በዲናችንም የታዘዘ ነው። የወሎ ሰው ሽማግሌ አይመልስም።

የሸዋ በር ልጅ፦
ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ግን የፒያሳውን ሰው የሚያክል የለም፣ እኔ አልለውጠውም።

ባለ ሱቁ (ኮምቦልቻ)፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለአባቴ አነበብኩላቸው። ማስጠንቀቂያው ግን ባለፈው ማክሰኞ መጥቷል። አንድ ነገር ደብቄአችሁ ነበር። ለአዲስ አበባው ጅምላ ሻጭ «ለዋስትና» ብዬ ቼክ ሰጥቼዋለሁ። ቀኑን ወደፊት አድርጌ ነው የጻፍኩት። ሒሳቤ ባዶ ነው።

ጡረተኛው፦
እሱን መጀመሪያ ነበር መናገር። ቼክ ቀኑ ወደፊት ቢጻፍም ባቀረቡት ቀን ይከፈላል። «ለዋስትና ነው» ማለት አያስጥልም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስከስሳል። ዛሬውኑ ሰውየውን አግኘው፣ ሽማግሌ ላክ፣ ከፍለህ ወይ ተስማምተህ ቼኩን መልሰህ ተቀበል። የባንኩን የ30 ቀን ቆጠራም ወረቀት ላይ ጻፍ፣ ነገ ጠዋት ባንኩ ሂድ። ጠበቃ ስትይዝ ፈቃዱን እይ፣ የክፍያ ውሉን በጽሑፍ አድርግ፣ ምን ምን እንደሚሠራልህ ዘርዝረህ አስፈርም።

የባቲዋ፦
ጋሼ፣ ውሌን አየሁት። መጠን አልተጻፈበትም! የት ልሂድ?

ጡረተኛው፦
ኦሪጅናሉን ይዘሽ ደሴ ነይ ልጄ። የሕግ ትምህርት ቤቱ ያሳይልሽ። ለማንም አትስጪው፣ ቅጂ ብቻ ስጪ።

ጦሳ ሥር፦
ባለ ሱቁ፣ ምን ወሰንክ? ባንኩ ምን አለ?

ጦሳ ሥር፦
ባለ ሱቁ?

የወልድያው፦
ሰላም፣ እኔም እንደሱ ነኝ። ወልድያ ላይስ ማንን ትጠቁሙኛላችሁ?