ሾርትስቶፓችን ተጎድቶብናል፤ አሰላለፉን እንዴት እናሸጋሽግ?

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ በሚጫወትበት፣ የ11 እና የ12 ዓመት ልጆች በሚሰለፉበት የቤዝቦል ቡድን ውስጥ በረዳት አሠልጣኝነት አገለግላለሁ። እግር ኳስ እያየሁ ስላደግሁ ይህን ጨዋታ የተማርኩት ከልጄ ጋር እኩል ነው፤ ጥያቄዬ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ቢመስል በትዕግሥት አንብቡልኝ።

ባለፈው ጨዋታ ሾርትስቶፓችን (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ፣ ማለትም ሯጮች በሚረግጧቸው ማዕዘኖች፣ መካከል የሚቆመው ተከላካይ) መሬት ለመሬት የመጣለትን ኳስ ሊይዝ ጎንበስ ሲል፣ ኳሱ ሣሩና አፈሩ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነጥሮ ጓንቱን አለፈና የሚወረውርበትን እጁን ጠቋሚ ጣት መታው። ጣቱ ተሰብሯል፤ ሐኪሙም በዚህ የጨዋታ ወቅት እንደማይሰለፍ ነግሮናል። ልጁ በመምቻ ተራ አንደኛ ነበር፤ ከዋናው ፒቸራችን (ለመቺው ኳስ ከሚወረውረው ልጅ) ቀጥሎ የሚወረውረውም እሱ ነበር። ስለዚህ የጎደለብን ቦታ አንድ ብቻ አይደለም።

በእጃችን ያሉት ልጆች እንደሚከተለው ናቸው። የሁለተኛ ቤዙ ልጅ ጓንቱ ውስጥ የገባ ኳስ አይለቅም፤ ነገር ግን ክንዱ ገና ስላልጠነከረ ከሾርትስቶፕ ቦታ ወደ አንደኛ ቤዝ ሲወረውር ኳሱ መሬት እየነካ ነው የሚደርሰው። የሦስተኛ ቤዙ ልጅ ክንደ ብርቱ ነው፤ ወደ ጎን መሮጥ ላይ ግን ይዘገያል። በሴንተር ፊልድ (በውጪ ሜዳው መሐል) የሚቆመው ልጅ በፍጥነትም በክንድም ከሁሉም ይበልጣል፤ እሱን ካነሣሁት ግን የውጪ ሜዳው ይሳሳብኛል። ዋናው አሠልጣኛችን ሦስተኛ ቤዙን ወደ ሾርትስቶፕ፣ ሁለተኛ ቤዙን ወደ ሦስተኛ፣ አንደኛ ቤዝ ላይ የሚቆመውን ግራኝ ልጅ ወደ ሁለተኛ አዛውሮ፣ አንደኛ ቤዝ ላይ ተጠባባቂ ለማቆም ያስባል። አዲሱ ሾርትስቶፕ የተጎዳውን ልጅ የመምቻ ተራም እንዲወርስ ይፈልጋል። እኔ ሽግሽጉ በዝቶብኛል፤ ምክንያቴን በቃል ማስረዳት ግን አቅቶኛል። ልምድ ያላችሁ ምን ትላላችሁ?

መልስ (ከሎስ አንጀለስ)

ለልጁ ምሕረቱን ያውርድለት። እኔ የዶጀርስ (የከተማችን ፕሮፌሽናል የቤዝቦል ቡድን) ደጋፊ እንጂ አሠልጣኝ አይደለሁም፤ ሆኖም ጥያቄዎን ሳነብ የታወሰኝ የዚህ ቡድን የ2024 የጨዋታ ወቅት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የውስጥ ሜዳውን ሲያሸጋሽግ ከርሞ ሻምፒዮን ሆኗልና።

ሽግሽጉ የጀመረው ገና ወቅቱ ሳይከፈት ነው። ለሾርትስቶፕነት የታጨው ጋቪን ለክስ ውርወራው አልረጋ ስላለ በማርች ወር ወደ ሁለተኛ ቤዝ ተዛወረና፣ ለሁለተኛ ቤዝ ሲዘጋጅ የነበረው ሙኪ ቤትስ የእሱን ቦታ ያዘ። ቤትስ በቀኝ የውጪ ሜዳ ስድስት ጊዜ የወርቅ ጓንት (የምርጥ ተከላካይ ሽልማት) የተሸለመ ተጫዋች ነው። ጁን 16 ቀን ከካንሳስ ሲቲ ሮያልስ ጋር በነበረው ጨዋታ ግን የተወረወረበት ኳስ ግራ እጁን ሰበረው። እሱም እንደ እናንተ ልጅ ሾርትስቶፕም የመጀመሪያ መቺም ነበር።

አሠልጣኙ ዴቭ ሮበርትስ ያደረገውን ልብ ይበሉ። ሾርትስቶፕ ላይ ሚጌል ሮሃስን አቆመ፤ ሮሃስ እጀ ጥሩ የሆነ አንጋፋ ተከላካይ ነው፤ ዋና መቺ ግን አይደለም፤ ስለዚህ የሚመታው ከተራው መጨረሻ አካባቢ ነበር። በመምቻ ተራ ደግሞ ሁለተኛ የነበረው ሾሄይ ኦታኒ ወደ አንደኛ ከፍ አለ፤ ኦታኒ በዚያ ዓመት ጓንት አድርጎ ሜዳ ላይ ጨርሶ አልቆመም። ሜዳው ላይ የጎደለውን የሞላው ሰውና በመምቻ ተራ የጎደለውን የሞላው ሰው ለየብቻ ናቸው ማለት ነው። የእናንተ ዋና አሠልጣኝ ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ አስሮ በአንድ ልጅ ጫንቃ ላይ ሊጭን ነው፤ እኔ የምቃወመው ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ የሆነውም ትምህርት አለው። ቤትስ ኦገስት 12 ቀን ሚልዋኪ ላይ ሲመለስ ቀድሞ ወደነበረበት አልተመለሰም። ቀኝ የውጪ ሜዳ ላይ ቆመ፤ ኦታኒን ከአንደኝነት ሳያነሣ ሁለተኛ ሆኖ መታ፤ በዚያው ቀን ሆም ረንም (ከሜዳ የሚወጣ ምት) አስቆጠረ። ኦታኒ ወቅቱን በ54 ሆም ረንና በ59 የቤዝ ስርቆት (ኳሱ ሳይመታ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ሮጦ መድረስ) ጨረሰ። በኦክቶበር ወር በዎርልድ ሲሪስ (በሻምፒዮናው ፍጻሜ) የመጀመሪያ ጨዋታ፣ በአሥረኛው ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር)፣ ተጋጣሚዎቹ ያንኪስ ኦታኒን ካስወጡ በኋላ ቤትስን ሆን ብለው ሳይመታ ወደ አንደኛ ቤዝ ሰደዱትና ከፍሬዲ ፍሪማን ጋር መፋጠጥን መረጡ፤ ፍሪማን በተጎዳ ቁርጭምጭሚቱ ቆሞ የመጀመሪያውን ኳስ ከሜዳ አውጥቶ ጨዋታውን ጨረሰው። ያ የሦስት ሰዎች ቅደም ተከተል የተገኘው ከጉዳት በኋላ በተደረገ ሽግሽግ ነው።

መልስ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

የሎስ አንጀለሱ ወንድማችን ታሪኩን አሳምሮ ነግሮናል፤ ሜዳውንና የመምቻውን ተራ መለየት እንደሚገባም በትክክል ተናግሯል። ነገር ግን ዶጀርስን ለ12 ዓመት ልጆች መለኪያ ማድረግ አያዋጣም። ዶጀርስ ሰው ሲጎድልበት ጁላይ ላይ ቶሚ ኤድማንን ከሴንት ሉዊስ አስመጥቷል፤ ኤድማንም ሴንተር ፊልድም ሾርትስቶፕም የሚችል ሆኖ ተገኝቶ፣ ሮሃስ በጉዳት ሲወጣ ቦታውን ሸፍኖ ሜትስን ባሸነፉበት ዙር ኮከብ ተጫዋች ተብሏል። እርስዎ ከአግዳሚ ወንበሩ ላይ ኤድማንን አያገኙም። እኔ ይህን ዕድሜ ለረጅም ጊዜ አሠልጥኛለሁና ስለ ልጆቹ ብቻ ልናገር።

ዋናው አሠልጣኝ ያሰበው ሽግሽግ አንድ ቀዳዳ ለመድፈን አራት ቦታ ይነካል፤ ከአራቱ ሁለቱ ደግሞ በግልጽ ስሕተት ናቸው። ግራኝ ልጅ ሁለተኛ ቤዝ ላይ ኳስ ሲይዝ አንደኛ ቤዝ በግራው በኩል ነው፤ ለመወርወር ሰውነቱን ሙሉ በሙሉ ማዞር ስላለበት ሯጩ ቀድሞት ይደርሳል። ያው ልጅ አንደኛ ቤዝ ላይ ሲቆም ግን ጓንቱ ቀኝ እጁ ላይ ስለሆነ በእሱና በሁለተኛ ቤዙ መካከል ያለውን ክፍተት ይዘጋል፤ ግራኝነቱ ጥቅም የሚሰጠው እዚያ ነው፤ ስለዚህ አይነካ። ክንዱ ያልጠነከረውን ልጅ ወደ ሦስተኛ ቤዝ መውሰድም እንደዚሁ ነው፤ ከዚያ ወደ አንደኛ ቤዝ ያለው ውርወራ ከውስጥ ሜዳው ረጃጅም ውርወራዎች አንዱ ነው፤ በቤዞቹ መካከል ያለው ርቀት ለእነሱ 60 ጫማ ብቻ ቢሆንም እንኳ።

እኔ ብሆን የሴንተር ፊልዱን ልጅ ወደ ሾርትስቶፕ አመጣለሁ፤ ከግራ ወይም ከቀኝ የውጪ ሜዳ ካሉት የተሻለውን ወደ መሐል አስገባለሁ፤ ተጠባባቂውን በጎን አቆማለሁ። አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ቤዝ እንዳሉ ይቀራሉ፤ የውስጥ ሜዳው የሚለምደው አንድ አዲስ ፊት ብቻ ይሆናል። የውጪ ሜዳው እንደሚሳሳ አልክድም። በዚህ ዕድሜ ግን ሾርትስቶፕ የሚያመልጠው ኳስ ከሴንተር ፊልዱ ይልቅ ብዙ ነው። እግር ኳስ ስለሚያውቁ፣ መሐል ተከላካይ ሲጎዳ አራቱንም ተከላካዮች ቦታ የሚያቀያይር አሠልጣኝ ምን እንደሚደርስበት አይጠፋዎትም።

የመምቻው ተራ ብዙ አያስጨንቅዎ። እንደ ብዙዎቹ ሊጎች የተገኘው ልጅ ሁሉ በተራ የሚመታ ከሆነ የተጎዳውን ስም ሰርዘው ሁሉንም አንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉ። በተለይ አዲሱ ሾርትስቶፕ በተለመደ ቦታው ይምታ፤ አዲስ ቦታና አዲስ ተራ በአንድ ቅዳሜ ለአንድ ልጅ ይከብዳል።

መልስ (ከሲያትል)

እኔ የልጄ ቡድን ውጤት መዝጋቢ እናት ነኝ፤ መዝገቡን ይዤ ስለምቀመጥ ሁለታችሁም ያለፋችሁትን አንድ ነገር ላንሣ። የተጎዳው ልጅ ሁለተኛ ፒቸራችሁ ነበር ብለዋል፤ እውነተኛው ችግር እዚህ ላይ ነው።

ቡድናችሁ በሊትል ሊግ (የልጆች ቤዝቦል ድርጅት) ደንብ የሚመራ ከሆነ በዚህ ዕድሜ አንድ ልጅ በቀን ከ85 ውርወራ በላይ አይፈቀድለትም፤ 66 እና ከዚያ በላይ ከወረወረ አራት ቀን፣ ከ51 እስከ 65 ሦስት ቀን፣ ከ36 እስከ 50 ሁለት ቀን፣ ከ21 እስከ 35 አንድ ቀን ማረፍ አለበት። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ጨዋታ ካላችሁ ዋናው ፒቸራችሁ ብቻውን አይበቃም። ካቸራችሁን (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚቀበለውን ልጅ) እንዳታስቡት ደግሞ በአራት ወይም ከዚያ በላይ ኢኒንግ ካቸር የሆነ ልጅ በዚያው ቀን ፒቸር መሆን አይችልም፤ 41 እና ከዚያ በላይ የወረወረም በዚያው ቀን ካቸር አይሆንም።

ይህን ይዘን ወደ ሲልቨር ስፕሪንጉ ሐሳብ እንመለስ። የሴንተር ፊልዱ ልጅ ክንዱ ከሁሉም ይበልጣል ስላላችሁ፣ ዋናው አሠልጣኝ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እሱኑ ፒቸር ማድረግ ያምረዋል። ያን ጊዜ ልጁ ወደ ፒቸርነት በወጣ ቁጥር ሾርትስቶፑ እንደገና ይጎድልና በጨዋታው መሐል ዳግመኛ ሽግሽግ ይመጣል፤ በተጎዳው ልጅ ጊዜም የነበረው ችግር ይኸው ይመስለኛል። ስለዚህ ሾርትስቶፕ የሚሆነው ልጅ ከፒቸርነት ይለይ፤ ሁለተኛ ፒቸር ክንደ ብርቱው የሦስተኛ ቤዙ ልጅ ይሁን። እሱ በሚወረውርባቸው ኢኒንጎች ሦስተኛ ቤዝ ላይ ማን እንደሚቆም ከአሁኑ ወስናችሁ፣ ያንን ተጠባባቂ በልምምድ ላይ እዚያው አለማምዱት።

በተረፈ የውጤት መዝገባችሁን ገልጣችሁ እዩ። እያንዳንዱ ተጫዋች በመዝገብ ላይ ቁጥር አለው፤ ሾርትስቶፕ 6፣ ሁለተኛ ቤዝ 4፣ አንደኛ ቤዝ 3 ነው። በመዝገቡ ላይ በ6 እና በ4 ቁጥር የሚጀምሩትን ጨዋታዎች ብትቆጥሩ ኳስ ወዴት እንደሚበዛባችሁ ከግምት ሳይሆን ከራሳችሁ ጨዋታ ታገኙታላችሁ። እኛ ዘንድ ፈጣኑ ፒቸር ሲወረውር ቀኝ እጅ መቺዎቹ ስለሚዘገዩ ኳሱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ዘገምተኛው ሲወረውር ግን ወደ ሾርትስቶፕና ወደ ሦስተኛ ቤዝ ይጎርፋል። አዲሱ ሾርትስቶፕ በመጀመሪያ ቀኑ ፈጣኑ ፒቸር ፊት ለፊቱ ቢቆምለት ፋታ ያገኛል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሲልቨር ስፕሪንጉንና የሲያትሏን አስተያየት፣ በተለይም የፒቸሩን ነገር፣ ለዋናው አሠልጣኝ አሳይቼው ግራኙን ከአንደኛ ቤዝ አለማንሣት ላይ ወዲያው ተስማማ። የሴንተር ፊልዱን ልጅ ወደ ሾርትስቶፕ እናመጣለን፤ የሦስተኛ ቤዙ ልጅም ሁለተኛ ፒቸር ይሆናል። ያልተስማማነው በመምቻው ተራ ላይ ብቻ ነው፤ አሠልጣኙ አሁንም፣ ልጁ ፈጣን ስለሆነ ብቻ፣ አዲሱን ሾርትስቶፕ አንደኛ ሊያደርገው ይፈልጋል። አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ ሯጭ ሁለተኛ ቤዝን ሊሰርቅ ሲነሣ ቤዙን የሚሸፍነው ማን ነው? አዲሱ ልጅ ይህን ጨርሶ አያውቅም።

መልስ (ከሎስ አንጀለስ)

በመምቻው ተራ ላይ ከሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድሜ በጥቂቱ እለያለሁ። ሁሉንም አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ቀላል ነው፤ ግን ጨዋታችሁ ስድስት ኢኒንግ ብቻ ስለሆነ ከተራው ግርጌ ያሉት ሁለት ጊዜ ብቻ መትተው ሊቀሩ ይችላሉ፤ አንደኛው ግን ከማንም በላይ ዕድል ያገኛል። ስለዚህ አንደኛ የሚሆነው ፈጣኑ ልጅ ሳይሆን መጥፎ ኳስ የማያሳድድና ቤዝ ላይ አዘውትሮ የሚደርስ ልጅ ነው። ፍጥነት የሚጠቅመው ቤዝ ላይ ከደረሱ በኋላ ነው። የትኛው ልጅ እንደሆነ መዝገባችሁ ይነግራችኋል።

መልስ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ይህን እቀበላለሁ፤ አዲሱ ሾርትስቶፕ እስካልሆነ ድረስ።

ቤዙን ስለ መሸፈን፦ የልጆቹ ሯጭ ኳሱ መቺው ጋ እስኪደርስ ከቤዝ መነሣት ስለማይፈቀድለት ጊዜ አላችሁ፤ ጥፋት የሚመጣው ሁለቱም ሲሄዱ ወይም ሁለቱም ሲቀሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀኝ እጅ መቺ ሲቆም ሁለተኛ ቤዙ ልጅ፣ ግራኝ ሲቆም ሾርትስቶፑ ይሸፍናል፤ ምክንያቱም ኳሱ ይመጣል ተብሎ ከሚጠበቅበት ቦታ መራቅ የለበትም። ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት ሾርትስቶፑ ፊቱን በጓንቱ ከልሎ ለሁለተኛ ቤዙ ልጅ ምልክት ይስጥ፤ አፉን ከዘጋ «እኔ እሄዳለሁ» ማለት ነው፤ ከከፈተ «አንተ ሂድ»። የሁለተኛ ቤዙ ልጅ ነባር ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ምልክቱን እሱ ቢሰጥ ይሻላል፤ አዲሱ ልጅ ማየትና ራሱን መነቅነቅ ብቻ ይብቃው። ከማክሰኞው ልምምድ አሥር ደቂቃውን ለዚህ ብቻ ስጡት፤ ካቸሩ እውነተኛ ውርወራ ይወርውር፣ ሯጭም ይኑር።