ቴሉጉ ተናጋሪዎች ለምን ሁለት ክልል ሆኑ?

ጠያቂ፦ ህንድ ውስጥ አንድራ ፕራዴሽም ቴላንጋናም ቴሉጉ ነው የሚናገሩት። ታዲያ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ምን አለያያቸው?

መልስ 1፦ ቋንቋማ አገናኝቷቸው ነበር እኮ። ፖቲ ስሪራሙሉ የሚባል ታጋይ በ1952 ለቴሉጉ ተናጋሪዎች የአንድራ ክልል ይቋቋም ብሎ ምግብ እንደተወ ሞተ፣ በዓመቱ ክልሉ ተመሠረተ። ቴላንጋና ግን በሃይደራባዱ ኒዛም (ንጉሥ) ስር የኖረ አገር ነው። በ1956 ሲቀላቀሉ የውሃ፣ የመንግሥት ሥራና የበጀት ቅሬታው አብሮ መጣ፣ አልበረደም።

መልስ 2፦ ጠቡ የሆድ እንጂ የአፍ አይደለም። በክሪሽና ወንዝ ውሃ ዛሬም ይነታረካሉ።

መልስ 3፦ ሲኒማው ግን አልተከፈለም፣ ቴላንጋና ሃይደራባድ የተሠራ ፊልም አንድራ ቪጃያዋዳም ይታያል። ደግሞ አፍም አለበት! ቴላንጋናዎች «ፊልም ላይ በአነጋገራችን ይቀለዳል» እያሉ ስንት ዘመን አማርረዋል።